2ጄዜድ ሞተር ስገጥም የፒስተን ፒኑ በሁለት ቢዬላዎች ላይ ጠበቀብኝ፤ ክፍተቱ እንዴት ይለካል?

ባለሻርጃው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሻርጃ በሚገኝ ጋራዥ የምሠራ ሜካኒክ ነኝ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት አንድ የቶዮታ 2ጄዜድ-ጂቲኢ ሞተር ከባዶ ብሎክ ጀምሬ እየገጠምኩ ነው። የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምልልስም 86 ሚሊሜትር የሆነው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ባለ 6 ሲሊንደር ባለ 3 ሊትር ሞተር ነው። ባለቤቱ ለድራግ ውድድር ስለሚፈልገው የፋብሪካውን ፒስተንና ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) አውጥተን በፎርጅድ (ተቀጥቅጦ በተሠራ ጠንካራ ዓይነት) ተክተናል። ሁለቱን የሚያያይዘው ፒን እንደ ፋብሪካው 22 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በፒስተኑም በቢዬላው ቡሺንግም (ፒኑ በሚያርፍበት የነሐስ ቀለበት) ውስጥ በነፃነት የሚዞር ዓይነት ነው።

የገጠመኝ ነገር እንዲህ ነው። ፒኑን ዘይት ቀብቼ ወደ ፒስተኖቹ ሳስገባው በስድስቱም ውስጥ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል። በአራቱ ቢዬላዎችም እንደዚያው ነው። በ4ኛውና በ6ኛው ቢዬላ ግን እስከ መሀል ገብቶ ይቆማል፤ በአውራ ጣት ስገፋው ያልፋል። በዲጂታል ካሊፐር ስለካ ሁሉም ቀዳዳ 22.00 ወይም 22.01 ይለኛል፤ ከዚህ የተለየ ነገር አይነግረኝም።

ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ፒስተኑን 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አሙቃችሁ ፒኑን በአውራ ጣት ግፉት ይላል። የእኔ ግን ምንም ሳይሞቅ ይገባል። ታዲያ ፒስተኖቹ ሰፍተዋል ማለት ነው? ወይስ ሁለቱን ቢዬላዎች ብቻ ላስተካክል? ባለቤቱ እንድቸኩል አይጫነኝም፤ እኔም ሳላረጋግጥ መዝጋት አልፈልግም።

የናፍጣ ሰው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡45)

ልጄ፣ ሳትዘጋው በፊት መጠየቅህ መልካም ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ አብዛኛው የናፍጣ ነው። እኛ የተማርነው ፒኑን አጥበህ፣ በንጹሕ ዘይት ቀብተህ፣ በአውራ ጣት ትገፋዋለህ የሚለውን ነው። እኩል እየተቃወመ ከገባ ልክ ነው፤ ዝም ብሎ ከወደቀ ሰፍቷል፤ መዶሻ ከጠየቀ ጠቧል። በዚህ መንገድ የገጠምናቸው ሞተሮች ለዓመታት ሠርተዋል።

በ4ኛውና በ6ኛው ቢዬላ ላይ ግን ወደ መለኪያ ከመሮጥህ በፊት በቡሺንጉ የዘይት ቀዳዳ ዙሪያ ጥፍርህን አዙርበት። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ሲበሳ ሹል ጠርዝ ይቀርና ፒኑን መሀል ላይ የሚያቆመው እሱ ይሆናል። አንተም የሚቆመው መሀል ላይ ነው ብለሃል።

የዴንቨሩ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡20)

ወንድሜ፣ እኔ ዴንቨር ውስጥ በማሽን ሾፕ የምሠራ ነኝ፤ የቢዬላ ቡሺንግ ሆን ማድረግ (ውስጡን በማሽን በጥቂት በጥቂቱ እየሞረዱ ማስፋት) የየዕለት ሥራዬ ነው። ጋሼ ስለ ዘይት ቀዳዳው ጠርዝ የተናገሩት ትክክል ነው፤ መጀመሪያ እሱን ተመልከት። ከዚያ ካሊፐሩን ለዚህ ሥራ አትጠቀምበት። ካሊፐር 0.01 ብሎ ቢያሳይህም የራሱ ስሕተት እስከ 0.02 ወይም 0.03 ሚሊሜትር ይደርሳል። አንተ የምትፈልገው ክፍተት ጠቅላላው ከዚያ ስሕተት ያነሰ ስለሆነ ካሊፐሩ እውነት ቢናገርም ባይናገርም ልታውቅ አትችልም።

ስለ ቶዮታ መመሪያው ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፋብሪካው ለመንገድ መኪና የሠራው ፒስተን ፒኑን ሲቀዘቅዝ በጣም ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ኳኳታ እንዳይሰማ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ፒስተኑ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ፒኑም አብሮት ቢሞቅ እንኳ፣ በ22 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ እንደ ቅይጡ ዓይነት ከ0.011 እስከ 0.014 ሚሊሜትር ተጨማሪ ክፍተት ይከፈታል። አሙቁት የተባለው ለዚህ ነው። የአንተ ፎርጅድ ፒስተን ግን ያንን ክፍተት ሳይሞቅ ጀምሮ እንዲኖረው ሆኖ ነው የተሠራው። በከፍተኛ ጭነት ፒኑ መሀሉ ላይ ስለሚጎብጥ ለመጉበጫው ቦታ ያስፈልገዋል። ሳይሞቅ ስለገባ ብቻ ሰፍቷል አይባልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ፒኑ የሚያርፍባቸው ሁለት ዓይነት ቀዳዳዎች አሉ፤ በሙቀት ጊዜ ግን ፈጽሞ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። በፒስተኑ በኩል ያለው አሉሚኒየም ስለሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ይከፈታል። ፒኑና ፒስተኑ ሁለቱም 150 ዲግሪ ላይ ቢደርሱ በብርዱ 0.012 የነበረው ክፍተት ወደ 0.04 ሚሊሜትር ይጠጋል። በቢዬላው በኩል ያለው ግን ሌላ ነው። ቢዬላውም ፒኑም ብረት ስለሆኑ እኩል ይሰፋሉ፤ በመሀል ያለው የነሐስ ቡሺንግ ደግሞ በብረቱ ቀለበት ታፍኖ ስለሚገኝ ወደ ውጭ መሄድ ሲያቅተው በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይገፋል። ስለዚህ በብርዱ ያልሰጠኸውን ክፍተት ሙቀቱ አይሰጥህም። ፒስተኑ ጠበቅ ብሎ ሊጀምር ይችላል፤ ቢዬላው ግን አይችልም። ለእንዲህ ያለ ሞተር ብዙ ጊዜ በፒስተኑ በኩል ከ0.010 እስከ 0.020፣ በቢዬላው በኩል ከ0.015 እስከ 0.025 ሚሊሜትር የሚያዘው ለዚህ ነው። የመጨረሻውን ቃል ግን በሳጥንህ ውስጥ ያለው የአምራቹ ወረቀት ይናገር።

ፋብሪካው ለራሱ ቢዬላ የሚያዘው ከ0.005 እስከ 0.011 መሆኑን በመመሪያው ታገኘዋለህ። ያንን ቁጥር ለዚህ ሞተር አትውሰደው፤ እሱ ለሌላ ጭነት የተጻፈ ነው።

ማይክሮን (እሑድ፣ ከቀኑ 8፡05)

ሰላም ወንድሜ። ጀርመን አገር በአንድ የመለኪያ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሞተር አልገጥምም፤ ስለ መለካቱ ግን የምለው አለኝ።

የሚያስፈልግህ የፒኑን ውጭ የምትለካበት 0–25 ማይክሮሜትር፣ 0.001 የሚያነብ፣ እና ለ22 ሚሊሜትር የሚሆን ባለ መደወያ የቀዳዳ መለኪያ ጌጅ ናቸው። እየተዘረጋ የሚቆለፈው ባለ ቲ ቅርጽ ጌጅ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ቀዳዳው ውስጥ የተውከው ስፋትና አውጥተህ በማይክሮሜትር የምታገኘው ስፋት በእጅህ ግፊት ብቻ በጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ይለያያሉ።

ማይክሮሜትርህ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያስጨንቅህ ከሆነ ጭንቀቱን የሚያስቀር መንገድ አለ። ማይክሮሜትሩን በፒኑ ላይ ዝጋውና ቆልፈው። ፒኑን አውጣው። ከዚያ የቀዳዳ መለኪያውን ጫፎች በማይክሮሜትሩ ሁለት ጉንጮች መካከል አስገባና ወዲህና ወዲያ እያወዛወዝክ ትንሹን ንባብ ፈልግ፤ መደወያውን እዚያው ላይ ዜሮ አድርገው። አሁን ጌጁን ወደ ቢዬላው ቀዳዳ ስታስገባ መደወያው የሚነግርህ የቀዳዳውን ስፋት ሳይሆን ክፍተቱን ራሱን ነው። ማይክሮሜትሩ 0.003 ቢዋሽ እንኳ ለፒኑም ለቀዳዳውም እኩል ስለዋሸ ውሸቱ ይጣፋል። በየፒኑ ግን እንደገና ዜሮ አድርግ።

እጅግ የማሳስብህ ስለ ሙቀት ነው። የመለኪያ ዓለም የተስማማበት ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አንተ ያለህበት አገር በበጋ ጋራዡ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። ፒኑን በመዳፍህ ይዘህ በ10 ዲግሪ ብታሞቀው 0.0025 ሚሊሜትር ይወፍራል። ያ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የ4ኛው ቢዬላህ ክፍተት 0.005 ቢሆን ግማሹን በመዳፍህ ሙቀት አጠፋኸው ማለት ነው። ፒስተኖቹን፣ ቢዬላዎቹን፣ ፒኖቹንና መለኪያዎቹን በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሳድራቸው፤ ስትለካም ጓንት አድርግ።

የናፍጣ ሰው (እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30)

ልጆቼ፣ የምትሉትን በጥሞና አነበብኩት። መለኪያውን አልቃወምም። ነገር ግን አውራ ጣት የሚሰማውን ነገር መለኪያ አይሰማውም። ፒኑ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ የሚሻክር ከሆነ፣ ወይም አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ጣት ወዲያው ያውቃል። ብዙ ወጣቶች ቁጥሩን ጽፈው ዕቃውን ሳይዳስሱ ሲገጥሙ አይቻለሁ።

የዴንቨሩ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡15)

ጋሼ፣ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ እኔም እያንዳንዱን ፒን በመጨረሻ በእጄ አዙሬ ነው የማስረክበው። የምለየው በአንድ ነገር ነው። ጣት ሸካራነትንና ጠማማነትን ያውቃል፤ መጠንን ግን አያውቅም። 0.010 ክፍተት ያለውን ፒንና 0.016 ክፍተት ያለውን ፒን በአንድ ዓይነት ዘይት ቀብቼ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ብሰጠው መለየት ይከብደዋል፤ ዘይቱ ወፈር ካለ ደግሞ ሰፊው ጠባብ ይመስላል። በናፍጣ ሞተር የነበረው ልምድዎ እውነት ነው። የዚህ ልጅ ሞተር ግን ከፋብሪካው በእጥፍ በላይ ጉልበት ሊጠየቅ ነው።

እስቲ ጭነቱን በቁጥር እንየው። 86 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፒስተን አናቱ 58 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። በቃጠሎ ጊዜ ግፊቱ 120 ባር ቢደርስ በዚያች በ22 ሚሊሜትር ፒን ላይ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ጭነት ያርፋል። ከዚያ ደግሞ ሞተሩ በ8,000 ዙር ሲሽከረከር፣ በጭስ ማስወጫው ምት ላይ ፒስተኑ ከላይ ደርሶ ሲመለስ፣ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፒስተን ፒኑን በ2 ቶን ኃይል ወደ ላይ ይጎትተዋል። ፒኑ ከሁለት ወገን እየተፈራረቀ ነው የሚመታው።

ይህ መፈራረቅ ግን ጥቅምም አለው፤ ክፍተቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝም በዚህ ነው። የክራንክሻፍት ብሮንዚን (ዘንጉ የሚያርፍበት መደገፊያ) ላይ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ስለሚዞር ዘይቱን እየጎተተ ከሥሩ ያስገባዋል። የፒስተን ፒን ግን በቢዬላው ውስጥ እንደዚያ ሙሉ በሙሉ አይዞርም። በዚህ ሞተር ቢዬላው 142 ሚሊሜትር ርዝመት ስላለው ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዘው ከ18 ዲግሪ ባነሰ ብቻ ነው። በመወዛወዝ ብቻ ዘይት አይጎተትም። ዘይቱ የሚገባው ጭነቱ ከታች ወደ ላይ ሲገለበጥ፣ በአንድ ወገን ለአንድ አፍታ በሚከፈተው ክፍተት በኩል ነው። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ዘይቱ ለመግባት ጊዜ አይበቃውም። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ፒኑ በየግልበጣው ይመታል፤ ያ ነው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ የሚሰማው ድርብ ኳኳታ።

የዳላሱ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50)

እንደምን አደራችሁ። ባለሻርጃው ወንድሜ፣ እኔ ያለፍኩበትን አንተ እንዳታልፍበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ከአራት ዓመት በፊት የራሴን ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ስገጥም አዲስ ቡሺንግ ያስገባልኝ አንድ ማሽን ሾፕ ነበር። ሥራውን ስረከብ ክፍተቱ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ‹‹ልክ ነው፣ በእጅ ይገባል›› የሚል መልስ ተሰጠኝ፤ እኔም አምኜ ወሰድኩ። ፒኖቹ በእርግጥ በእጅ ገቡ። ከ700 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ አንድ ቀን አውራ ጎዳና ላይ ስጫነው ከሁለተኛው ሲሊንደር ሹል ድምፅ ሰማሁና ወዲያው አጠፋሁት።

ስንፈታው ፒኑ ከቢዬላው ጋር ተጣብቆ ነበር። ቡሺንጉ ቢጫነቱ ጠፍቶ ጥቁርና ሰማያዊ ሆኗል፤ ከነሐሱም ጥቂቱ ተገፎ በፒኑ ላይ እንደ ቅብ ለጥፏል። ፒኑ በቢዬላው ውስጥ መንቀሳቀስ ስላቃተው ቢዬላው ወደ ጎን በሄደ ቁጥር ፒኑን ይዞት ይሄድና ፒኑ ከፒስተኑ እንዳይወጣ የሚይዘውን መቆለፊያ ቀለበት ይገፋ ነበር። በመጨረሻ ቀለበቱ ከቦታው ወጥቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አረሰው። ጣቴን ስሰድበት ጥፍሬን የሚያስቆም ጎድጓዳ መስመር ነበር። ብሎኩ እንደገና ሰፋ፤ ፒስተኖቹም ስድስት ወር ሳይሞላቸው ተቀየሩ።

የቀሩትን ሦስት ቢዬላዎች በኋላ ስናስለካቸው ሁለቱ ከ0.006 በታች ነበሩ። ሁሉም ግን ‹‹በእጅ ይገቡ›› ነበር። የዚያ ቀን ሐዘን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም፤ ስለዚህ እባክህ ለካ።

ባለሻርጃው (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የዳላሱ ወንድሜ፣ ያንተ ታሪክ እንቅልፍ አሳጥቶኝ ነበር። ማይክሮሜትርና የቀዳዳ መለኪያ ጌጅ ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ሁሉንም ለካሁ። በየፒስተኑ ፒኑ በሚገባባቸው በሁለቱም ጆሮዎች፣ በውስጠኛውና በውጨኛው ጠርዝ፣ ከላይ ወደ ታችና ወደ ጎን ስምንት ስምንት ጊዜ፤ በየቢዬላው በሦስት ጥልቀት በሁለት አቅጣጫ ስድስት ስድስት ጊዜ። ጠቅላላ 84 ንባብ ነው።

እኅቴ ማይክሮን ስለ ሙቀት የተናገረችውን በዓይኔ አየሁት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ስለካ ቴርሞሜትሩ 42 ዲግሪ ይል ነበር፤ በፒስተኖቹ ያገኘሁት ክፍተት ከ0.017 እስከ 0.019 ነው። ዕቃዎቹን በሙሉ አየር ማቀዝቀዣ ባለው ቢሮ ውስጥ አሳድሬ ዛሬ ጠዋት በ21 ዲግሪ ደግሜ ስለካ ያው ፒስተኖች ከ0.012 እስከ 0.014 ሆኑ። ቢዬላዎቹ ግን ጋራዥም ቢሮም ውስጥ ያው ናቸው፤ 1ኛ 0.018፣ 2ኛ 0.019፣ 3ኛ 0.017፣ 5ኛ 0.018። የዴንቨሩ ወንድሜ አንዱ ይከፈታል ሌላው ባለበት ይቀራል ያለውን ነገር ያለ ሞተር ሙቀት፣ በሻርጃ ፀሐይ ብቻ አየሁት።

ችግር ያለባቸው እነሆ። 6ኛው ቢዬላ ከዳር እስከ ዳር እኩል 0.008 ነው። 4ኛው ግን በአንድ ወገን 0.013፣ በሌላው ወገን 0.004 ነው። የዘይት ቀዳዳዎቹን ጋሼ እንዳሉኝ ዳሰስኳቸው፤ 6ኛው ላይ ትንሽ ጠርዝ ነበረ፤ ለቡሺንጉ በማይጎዳ ነገር አለዘብኩት፤ ንባቡ ግን አልተለወጠም። ከፒስተኖቹ ደግሞ 3ኛው በአንድ ጆሮው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ብቻ 0.007 ይላል፤ በቀሩት ሰባት ቦታዎች 0.013 ነው።

ወረቀቱ ለቢዬላው ከ0.015 እስከ 0.023፣ ለፒስተኑ ከ0.010 እስከ 0.018 ያዛል።

የዴንቨሩ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡40)

ሥራህን አይቼ በጣም ተደስቻለሁ። ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

3ኛው ፒስተን ቀላሉ ነው። አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ የጠበበ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ የታጠፈ የአሉሚኒየም ጠርዝ ነው፤ ሲጓጓዝ ተመትቶ ወይም ሲሠራ ቀርቶ ይሆናል። በማጉያ ተመልከተው። በመስኮት ብርሃን ሲታይ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ካየህ ጠርዙን ብቻ በእጅ አለዝብ፤ ቀዳዳውን አትንካ።

6ኛው እኩል ስለሆነ ሆን ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። 4ኛው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሾጣጣ የሆነ ቀዳዳ ከጠባቡ ወገን ብቻ ከተሠራ ሌላው ወገን ሳይታወቅ ከልክ ያልፋል። ቢዬላው በየጥቂት ምቱ እየተገለበጠ ከሁለቱም ወገን መሠራት አለበት። ሠራተኛው ሾጣጣውን አስተካክሎ 0.018 ላይ ማቆም ካልቻለ ከልክ ያለፈውን ቡሺንግ አትቀበለው፤ ይውጣና አዲስ ይግባ። አዲስ ከገባ ደግሞ የቡሺንጉ የዘይት ቀዳዳ ከቢዬላው ቀዳዳ ጋር መግጠሙን በዓይንህ አይተህ ተረከብ።

በሥራው ቦታ አብረኸው ቁም። ሆን ሲደረግ ቀዳዳው ይሞቃል። ቢዬላው በ15 ዲግሪ ሞቆ ሳለ በቀዝቃዛ ፒን ቢለካ 0.004 ሰፍቶ ይታያል፤ ሠራተኛው ደረስኩ ብሎ ያቆማል፤ ቤትህ ስትደርስ 0.014 ታገኛለህ። ሰዎች ‹‹ማሽን ሾፑ ዋሸኝ›› ከሚሉባቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው። ዘይቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይለካ።

ጀማሪው (ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡15)

ይቅርታ፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ፒኑ በቢዬላው ውስጥ ተጨምቆ የሚገባበት ሞተርስ እንዴት ይለካል? ጥቁር ሽፋን ያለው ፒን የሚሸጥም አይቻለሁ፤ ልዩነት አለው?

የዴንቨሩ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡50)

ወንድሜ፣ ተጨምቆ በሚገባው ዓይነት ቢዬላው ቡሺንግ የለውም፤ ቀዳዳው ከፒኑ ከ0.02 እስከ 0.03 ሚሊሜትር ይጠብና ቢዬላው ሞቆ ፒኑ ይገባበታል። እዚያ ክፍተት የሚለካው በፒስተኑ በኩል ብቻ ነው፤ መወዛወዙን በሙሉ የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ግን ቸል አይባልም።

ጥቁሩ ሽፋን ዲኤልሲ የሚባለው ነው፤ በጣም ጠንካራና ለስላሳ ነው፤ ጥሩ ገንዘብ የወጣበት ዕቃም ነው። በየወገኑ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ውፍረት ሊኖረው ይችላል፤ ይህም በፒኑ ስፋት ላይ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ይጨምራል ማለት ነው። አምራቹ አስቀድሞ ቀንሶለት ይሆናል፤ አልቀነሰለትም ይሆናል። ቡሺንግህን በተራው ፒን ካስለካህ በኋላ በጥቁሩ ብትቀይረው የለካኸው ሁሉ ተሻረ። በምትገጥመው ፒን ለካ።

ባለሻርጃው (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡40)

ከማሽን ሾፑ አሁን ተመለስኩ። ሠራተኛው ሕንዳዊ አዛውንት ናቸው፤ ፒኖቼን ከቢዬላዎቹ ጋር ይዤላቸው በመሄዴ ደስ አላቸው። 6ኛውን በአንድ ጊዜ ጨረሱት። 4ኛውን አራት ጊዜ አቁመው ዘይት ውስጥ አቀዘቀዙት፤ በየጊዜው እኔ ራሴ እንድለካ ጌጁን ሰጡኝ። በሦስተኛው ጊዜ ገና ለብ እንዳለ 0.018 አነበብኩ፤ ሲቀዘቅዝ 0.015 ሆነ፤ አሁንም በአንድ ወገን 0.002 ቀርቶት ነበር። በመጨረሻ 4ኛው 0.018፣ 6ኛው 0.017 ከዳር እስከ ዳር ሆኑ። 3ኛውን ፒስተን በማጉያ አየሁት፤ በእርግጥም የታጠፈ ቀጭን ጠርዝ ነበረ። ካለዘብኩት በኋላ 0.013 ሆኗል።

ሁሉንም በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ የዘይት ቀዳዳዎቹን በብሩሽ ጠርጌያለሁ፤ ውሃው ግራጫ መሆኑን እስኪተው ድረስ ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። የቀረኝ መቆለፊያው ነው። ክብ ሽቦ ዓይነት ነው፤ ቀለበቱ የተከፈተበት ወገን ወዴት ይዙር?

የናፍጣ ሰው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡05)

ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዙር፤ ወደ ጎን ፈጽሞ አታድርገው። ቀለበቱ ቀላል ቢሆንም ፒስተኑ ከላይ ደርሶ ሲመለስ ክብደቱ ይበዛል፤ ክፍቱ ወደ ጎን ከሆነ ያ ክብደት ቀለበቱን ያጥበውና ከጎድጎዱ ያወጣዋል። አንድ ጊዜ ገብቶ የወጣ ቀለበት ደግሞ መልሰህ አታስገባ፤ መወጠሩን ትቷል። ስታስገባው በጣትህ ሸፍነው፤ ዓይንህንም ጠብቅ።

የአዛውንቱን ሥራ ወድጄዋለሁ። ፒኑን አሁን በቢዬላው ውስጥ ስታዞረው ምን ይልሃል?

ባለሻርጃው (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5፡20)

ጋሼ፣ በስድስቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ ሆኖ ያለ ምንም ንክኪ ይዞራል። 4ኛውን ከ1ኛው በጣቴ መለየት አልቻልኩም።

የ1ኛውን ፒስተን ሁለት ቀለበቶች ክፍታቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስገብቻለሁ። ፒኑ በሁለቱ መካከል ወደ ጎን የሚሄደውን ለካሁት፤ 0.08 ሚሊሜትር ነው፤ ወረቀቱ እስከ 0.13 ይፈቅዳል። ቀለበቱ በዙሪያው በሙሉ ጎድጎዱ ውስጥ መቀመጡን በቀጭን እንጨት እየነካሁ አረጋግጫለሁ።

የዴንቨሩ (ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 6፡10)

ጥሩ ነው። 0.08 ስላገኘህ በቀሩት አምስቱ ላይም ለካ፤ ጎድጎዱ በየፒስተኑ ለብቻ ነው የተቆረጠው። ከመግጠምህ በፊት የእያንዳንዱን ቢዬላና ፒን ቁጥር ጻፍና ከሲሊንደሩ ቁጥር ጋር አስቀምጠው፤ ከአንድ የውድድር ወቅት በኋላ ሞተሩ ሲፈታ ምን ያህል እንደበላ የምታውቀው በዚያ ወረቀት ብቻ ነው።

ባለሻርጃው (እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30)

በቀሩት አምስቱ ከ0.06 እስከ 0.10 ነው። ቁጥሮቹን በሙሉ ከነሙቀቱ፣ 21 ዲግሪ ብዬ፣ ጽፌ ከሞተሩ መዝገብ ጋር አያይዣለሁ። ነገ ፋሻዎቹን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እጀምራለሁ።